የሞቱ ሰዎች የፈረሙበት ወረቀት፦ የተቋማት ሙስና እንዴት ይጋለጣል

በእኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1994 በሕንድ የራጃስታን ግዛት ኮት ኪራና በተባለች የገጠር መንደር የተተከለው ድንኳን ግን ለሂሳብ ነበር። ከሥሩ የተቀመጡት በአብዛኛው ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ናቸው። በማይክሮፎን የሚነበብላቸው ደግሞ መንግሥት በአካባቢያቸው ላሠራቸው ሥራዎች የተዘጋጀው የክፍያ ሰነድ ነው፤ የሥራው ስም፣ የሠራተኛው ስም፣ የዋለበት ቀን ብዛት፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ በስተመጨረሻም ፊርማ ወይም የአውራ ጣት አሻራ።

ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራው ሰው ይነሳና በዚያ ሥራ ላይ አንድ ቀን እንኳ እንዳልዋለ ይናገራል። ሌላ ስም ይጠራል፤ ሰውየው ከመንደሩ ወጥቶ ከተማ ከገባ ቆይቷል። ሌላ ስም ይጠራል፤ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። እስከ ሚቀጥለው አፕሪል ድረስ በሌሎች አራት ቦታዎች ተመሳሳይ ስብሰባ ተደረገ፤ በየቦታውም ያው ነገር ወጣ። የሞቱ ሰዎች ሠርተዋል፣ ፈርመዋል፣ ደመወዝ ተቀብለዋል። በወረቀት «ተጠናቋል» የተባለው ግንባታ በመሬት ላይ ገና ግማሽ ነው።

ስለ ሙስና ብዙ ይጻፋል። የማይጻፈው ሙስና በተግባር እንዴት እንደሚጋለጥ ነው፤ ማን ምን ይዞ፣ ለማን፣ በምን ቋንቋ ሲናገር እውነቱ እንደሚወጣ። የራጃስታኑን ታሪክ የመረጥሁት ይህንን ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህ በታች የሕንድና የኡጋንዳ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙስና ሲባል ቶሎ የሚታየን ጉቦ ነው። ጉዳይ ይዘው ይሄዳሉ፣ «ነገ ይምጡ» ይባላሉ፣ ነገም «ነገ ይምጡ» ይባላሉ፤ በስተመጨረሻ የሚፈለገው ምን እንደሆነ ይገባዎታል። ጉቦ የከፈለ ሰው መክፈሉን ያውቃል፤ ኪሱም ልቡም ይነግረዋል። ተቋም ውስጥ የተተከለ ምዝበራ ግን ተበዳዩ መበደሉን የማያውቅበት ሌብነት ነው። ለትምህርት ቤቱ የተመደበው ገንዘብ ትምህርት ቤቱ በር ሳይደርስ ሲቀር፣ ወላጅ የሚያውቀው ትምህርት ቤቱ ድሃ መሆኑን ብቻ ነው። ሳይመጣ የቀረ ነገር አይናፍቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የሚበላው የማን እንደሆነ ሳይነገረን ስለኖርን ነው። የባለሥልጣን ማዕድ መስሎን ኖረ እንጂ የራሳችን ሞሰብ መሆኑን ማንም አላሳየንም።

እንዲህ ዓይነቱ ሌብነት የሚደበቀው በጨለማ ሳይሆን በወረቀት ነው። ንብረት በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፣ ፊርማው ሙሉ ነው፣ ማኅተሙ አለ። መዝገቡን ከመዝገብ ጋር ብቻ ያስተያየ ኦዲተር ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ውሸቱ የሚገኘው ወረቀቱ ከሚናገርለት ሰው ጋር ሲገናኝ ነው። «ሃያ ቀን ሠርታ ተከፍሏታል» የሚለውን መስመር ሐሰት ብሎ ሊመሰክር የሚችለው ከዓለም ሁሉ አንድ ሰው ነው፤ ስሟ የተጻፈው ሴት ራሷ። እሷ ደግሞ ወረቀቱን አይታው አታውቅም።

የራጃስታን ሰዎች እዚህ ነጥብ ላይ የደረሱት ከመጽሐፍ ተምረው አይደለም። በ1987 አሩና ሮይ የተባለች፣ ከሕንድ ከፍተኛ የሲቪል ሰርቪስ ሥራዋ በ1975 በፈቃዷ የለቀቀች ሴት፣ ከኒኪል ዴይና ከሻንካር ሲንግ ቤተሰብ ጋር ዴቭዱንግሪ በተባለች መንደር በጭቃ ቤት መኖር ጀመሩ። አካባቢው ድርቅ የሚመላለስበት ነው። መንግሥት በድርቅ ጊዜ፣ በእኛ አገር በሴፍቲኔት እንደሚሠራው ዓይነት፣ መንገድና ኩሬ እያስቆፈረ ለሠራተኞች ይከፍላል። ሕጉ ዝቅተኛውን የቀን ክፍያ ወስኗል፤ ሠራተኞቹ እጅ የሚገባው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ለምን ብለው ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነበር፦ «የቆፈራችሁት ሲለካ ከዚህ በላይ አያስከፍልም።» ልኬቱን አሳዩን ሲሉ ደግሞ የመንግሥት ሰነድ ምስጢር ነው ይባላሉ። ከዚህ አስተሳሰብ ጀርባ እንግሊዞች በ1923 አውጥተውት ሲወጡ ትተውት የሄዱት የመንግሥት ምስጢር ሕግ ነበር።

በሜይ 1 ቀን 1990 የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር መሠረቱ። የርሀብ አድማ አደረጉ፤ አቤቱታ ጻፉ፤ ብዙም አላገኙም። ነገሩ ሁሉ በዚያ ባልታየ ወረቀት ላይ እንደተንጠለጠለ የገባቸው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰነዱን ኮፒ። ባለሥልጣኑ ይቀጣልን፣ ይታሰርልን አላሉም። ይህ ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ብልኅነት ነው። «ሌባ ነህ» የተባለ ሰው ስም ማጥፋት ነው ብሎ ይከራከራል፤ ወገን ያሰባስባል፣ ነገሩ የብሔር ወይም የፓርቲ ጠብ ይሆናል። «ሂሳቡን አሳየኝ» የተባለ ሰው ግን ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፤ ማሳየት ወይም ለምን እንደማያሳይ ማስረዳት። ሁለተኛው በሕዝብ ፊት በጣም ከባድ ነው።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ሰነዱ የተገኘው ቅን የሆነ አንድ ባለሥልጣን ስለፈቀደ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ ቁጥራቸው ከምንገምተው ይበልጣል፤ ብዙዎቹ ጠያቂ አጥተው ነው ዝም የሚሉት።

ሰነዱ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ አድካሚ ነው፤ ምርምር የሚባለውም እሱ ነው። የክፍያ ሰነዱ በሥራ ዓይነት የተደረደረ ስለሆነ እንደገና በመንደርና በሰው ይደረደራል። ከዚያ ቤት ለቤት ይኬዳል። በዚያ ወር የት ነበሩ? በዚህ ሥራ ላይ ውለዋል? ስንት ቀን? ስንት ተቀበሉ? ይህ የእርስዎ አሻራ ነው? ድንጋይ በጋሪ አመላልሷል የተባለው ባለጋሪ ይጠየቃል፤ ሲሚንቶ አቅርቧል የተባለው ድርጅት አለ ወይስ በደረሰኝ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው ተብሎ ይፈለጋል። ግንቡ በሜትር ይለካል። እያንዳንዱ መስመር በሦስት አቅጣጫ ይፈተናል፤ ወረቀቱ ምን ይላል፣ ሰውየው ምን ይላል፣ በመሬት ላይ ያለው ሥራ ምን ይላል። ሦስቱ ከተጣሉ ጥያቄ አለ ማለት ነው፤ ጥያቄ አለ ማለት ግን ገና ወንጀል አለ ማለት አይደለም። ጸሐፊው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛዋም ቀኑን ረስታ ሊሆን ይችላል። አንድ የተሳሳተ ስም ዘጠና ዘጠኙን እውነተኛ ስም ይዞ ይወድቃል፤ የተከሰሰው ወገን የሚይዘው ያችን አንዷን ነውና። ስለዚህ ጥሩ መርማሪ ከተከሳሹ በላይ የራሱን ማስረጃ ይጠራጠራል።

በስብሰባው ላይም ይኸው ጥንቃቄ ነበር። መሐንዲሱ፣ የመንደሩ ሊቀ መንበርና ጸሐፊው ይጠራሉ፣ መልስ የመስጠት ዕድል አላቸው። ጠበቆች፣ ጋዜጠኞችና መምህራን በታዛቢነት ይቀመጣሉ። የተነገረው በኋላ እንዳይካድ ይቀረጻል።

በራጃስታን ያ ሁሉ ምርመራ ተሠርቶ ሪፖርት ሆኖ ቢታተም ምን ይሆን ነበር? ማንበብ የማይችል ሰው ዘንድ አይደርስም፤ ማንበብ የሚችለው ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል። እነሱ ግን ጮክ ብለው አነበቡት። ሻንካር ሲንግ በእጅ አሻንጉሊት ትርዒት የሚያሳይና ዘፈን የሚገጥም ሰው ነበር፤ ጉዳዩን በየገበያው በአሻንጉሊት አሳየ። መፈክራቸው አራት ቃል ነው፦ «ሃማራ ፓይሳ፣ ሃማራ ሂሳብ»፣ ገንዘባችን፣ ሂሳባችን። የመጨረሻዋን ቃል አስተውሉ፤ ከእኛዋ ቃል ጋር አንድ ናት። ለሕንዱ ገበሬም ለጎጃሙ ገበሬም «ሂሳብ» ማለት ከባለሱቅ ጋር፣ ከዕቁብ ሰብሳቢ ጋር የሚተሳሰቡት ነገር ነው። «የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት» ቢሉት ኖሮ የቢሮ ነገር ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚህም የሚበልጠውን የተናገረችው አራተኛ ክፍል ያህል ብቻ የተማረች የማኅበሩ አባል ናት። ዴልሂ ላይ ጋዜጠኞች ይህን የመረጃ መብት ለምን እንደፈለገችው ሲጠይቋት፣ ልጄን አሥር ሩፒ አስይዤ ሱቅ ስልከው ሲመለስ ሂሳብ እጠይቀዋለሁ፤ መንግሥት በስሜ ያን ሁሉ ገንዘብ ሲያወጣ ሂሳቤን አልጠይቅም ወይ የሚል መልስ ሰጠች። አንድም የሕግ ቃል የለበትም። ክርክሩ ግን ሙሉ ነው፤ ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ ባለሥልጣኑ መልእክተኛ እንደሆነ፣ መልእክተኛን መጠየቅ ጠላትነት እንዳልሆነ፣ ሁሉም በዚያች አሥር ሩፒ ውስጥ አለ።

በአገራችን የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ያለ ጨረታ የተፈጸመ ግዥ፣ ሁሉም ከነመጠኑ ይዘረዘራል። ከባድ ሥራ ነው፤ ባለሙያዎቹንም አከብራለሁ። ነገር ግን «ቢሊዮን ብር» የሚለው ቃል በዜና ሲነገር ከማናችን ሞሰብ እንደጎደለ አይታወቅም። ገንዘቡ የዚህ ቀበሌ ጤና ጣቢያ አልጋ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ጣሪያ ሆኖ ካልተተረጎመ በስተቀር፣ ሰው ሰምቶ ያዝናል፣ ከዚያ ዜናው ወደ ስፖርት ያልፋል። ይህን የመተርጎም ሥራ መሥራት ያለብን ኦዲተሮቹ ብቻ ሳንሆን ጋዜጠኞች፣ መምህራን፣ የማኅበር ሰዎችም ነን።

ማስረጃና ጥሩ ቋንቋ ብቻ ሕግ አይለውጡም። በአፕሪል 1995 የራጃስታን ዋና ሚኒስትር ሰነዶቹ ለሕዝብ ይሰጣሉ ብሎ በምክር ቤት ተናገረ። ዓመት ሞላ፤ አልተሰጠም። በአፕሪል 1996 ገበሬዎቹ ቢያዋር በተባለች ከተማ አደባባይ ተቀመጡ፤ አርባ ቀን ቆዩ። የገጠሩ ሰው ከየቤቱ እህል አዋጣ፤ የከተማው ነጋዴ አትክልትና ድንኳን ሰጠ። ከተሜውን ያመጣው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ የእሱም ግብር የት እንደገባ የሚያውቅበት መንገድ እንዳልነበረ ስለተረዳ ነው። በ1997 እንደገና በግዛቷ ዋና ከተማ በጃይፑር ሃምሳ ሦስት ቀን ተቀመጡ። በስተመጨረሻ የሰሙት መልስ የሚያስገርም ነበር። የመንደር ምክር ቤት ሰነዶችን ኮፒ የማግኘት መብት ከስድስት ወር በፊት በመንግሥት ጋዜጣ ታትሞ ወጥቷል ተባሉ። ያን ሁሉ ቀን በፀሐይ የጠየቁት መብት ታትሞ ተቀምጦ ነበር፤ ለማንም ግን አልተነገረም።

መብቱ ከወጣ በኋላም ሰነድ አንሰጥም ብለው የሥራ ማቆም አድማ የመቱ የመንደር ጸሐፊዎች ነበሩ። ቢሆንም ነገሩ ሄደ። በ1998 በስብሰባ ፊት የወሰዱትን ገንዘብ የመለሱ የመንደር ሊቃነ መናብርት ተገኙ። በ2001 ጃናዋድ በምትባል ቀበሌ፣ ሰነዶቹን ለማግኘት ብቻ ከዓመት በላይ ከተደከመ በኋላ፣ ከ6.5 ሚሊዮን ሩፒ ገደማ ወጪ ውስጥ 4.5 ሚሊዮኑ ያህል መጭበርበሩ ታየ። ራጃስታን በ2000 የመረጃ ሕግ አወጣች፤ የሕንድ ፌዴራል ሕግ በኦክቶበር 2005 ሥራ ላይ ዋለ። ማንኛውም ዜጋ አሥር ሩፒ ከፍሎ ይጠይቃል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ ሹም በየቀኑ 250 ሩፒ፣ እስከ 25,000 ሩፒ ድረስ ከራሱ ኪስ ይቀጣል። የቅጣቱን አንቀጽ የጻፈ ሰው የቢሮን ጠባይ በደንብ ያውቃል።

ከአፍሪካም አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ነገሩን የጀመረው ቁጥር ነው። በኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይልክ ነበር። ተመራማሪዎች 250 ትምህርት ቤቶችን ዞረው «ተላከ» የተባለውን «ደረሰ» ከተባለው ጋር ሲያስተያዩ፣ ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት በአማካይ የደረሰው ከመቶ 13 ብቻ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ምንም አልደረሳቸውም። ከዚያ መንግሥት በየወሩ ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶቹም የደረሳቸውን በራቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በ2001 የሚደርሰው ከመቶ 80 አለፈ። ተመራማሪዎቹ ጋዜጣ በሚሸጥበት ቦታ አቅራቢያ ያሉት ትምህርት ቤቶች የበለጠ መጠቀማቸውንም አሳዩ።

ይህ ታሪክ በዓለም ዙሪያ «ጋዜጣ ሙስናን አጠፋ» ተብሎ ተወራ። በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ያዝ አድርጉት አለ፤ በዚያው ጊዜ የገንዘብ አላላኩ ራሱ ተሻሽሏል፣ ቁጥጥርም ጠብቋል፣ ስለዚህ ሁሉንም ለጋዜጣው መስጠት ልክ አይደለም። እኔ የሚያሳምነኝ ይህ ነው። ማጋለጥ በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባ ሕግ፣ የሚጠይቅ አለቃ፣ የሚሠራ የክፍያ ሥርዓት ከሌለ በሩ ተመልሶ ይዘጋል።

ስለ አደጋው ሳልናገር ባልፍ ደግሞ በሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ይሆናል። ሳትዬንድራ ዱቤ በሕንድ ብሔራዊ አውራ ጎዳና ሥራ ላይ የነበረ ወጣት መሐንዲስ ነው። በኮንትራት አሰጣጥና በሥራ ጥራት ላይ ያየውን ብልሹ አሠራር በ2002 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ጻፈ፤ ስሜ በምስጢር ይያዝልኝ ብሎም ለመነ። ደብዳቤው ከነስሙ ከቢሮ ቢሮ ተዟዟረ። በኖቬምበር 27 ቀን 2003 በጋያ ከተማ በጥይት ተገደለ፤ ያን ዕለት ሠላሳ ዓመት ሞላው። ፍርድ ቤት በ2010 ሦስት ሰዎችን ጥፋተኛ አለ፤ መርማሪዎቹ ነገሩን ዝርፊያ ነው ብለውታል፤ ይህ ያላሳመናቸው ግን ብዙዎች ናቸው። የእሱ ሞት ያስነሳው ቁጣ ለጠቋሚዎች ጥበቃ ሕግ መንገድ ከፍቷል።

ዱቤ ብቻውን ነበር። ኮት ኪራና ላይ ግን ወረቀቱን ያወቀው መንደሩ በሙሉ ነው፤ የሚያስፈራሩት አንድ ሰው አልነበረም። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሆኖ ነገር ያየ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያምነው ጠበቃ ወይም ጋዜጠኛ ይፈልግ፤ ማስረጃው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጥ፤ የተቻለውን ያህል ክሱ በግለሰብ ምስክርነት ላይ ሳይሆን ማንም ሊያገኘው በሚችል የመንግሥት ሰነድ ላይ ይቁም። በእኛም አገር የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ጥቆማ ከመስጠት በፊት ማንበብ ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉዳይ ይዤ በሄድሁበት አንድ የወረዳ ግቢ የዓመቱ በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ቀረብ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። «መደበኛ ወጪ»፣ «ካፒታል ወጪ»፣ ከጎናቸው ረጃጅም ቁጥሮች፤ ከታች ማኅተም። ወረቀቱን ፀሐይ አደብዝዞታል። ሰሌዳውን ተደግፈው ወረፋ የሚጠብቁ እናቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዲቷ ምን እንደማነብ ጠየቀችኝ። የወረዳው በጀት ነው አልኋት። «ለእኛ ሰፈር ውኃ አለበት?» አለችኝ። ፈለግሁ፤ ከዚያ ወረቀት ላይ ማንም ሰው ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ነበር። ግልጽነት አለ ለማለት የተለጠፈ ወረቀት፣ አንዲት እናት ለጠየቀችው ብቸኛ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ጥያቄዋን ጽፌ ወደ ውስጥ ይዤው መግባት ነበረብኝ።

መግባት ይቻል ነበር። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መልስ የሚሰጥበትንም ጊዜ በ30 ቀን ይገድባል፤ የተከለከለ ሰው ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። ጥያቄው ረጅም መሆን የለበትም፤ ባጠረና በጠበበ ቁጥር መሸሽ ይከብዳል። ዛሬ ብጽፈው እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በዚህ ዓመት በቀበሌያችን ለመጠጥ ውኃ የተያዘው በጀት ስንት ነው? ሥራው የሚሠራው በየትኛው ሰፈር ነው? አሸናፊው ተቋራጭ ማን ነው? እስከ ዛሬ የተከፈለው ስንት ነው? የክፍያ ሰነዶቹ ኮፒ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። ሁለት ቅጂ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ፣ ሌላው የገቢ ቁጥርና ማኅተም ተመትቶበት በእጅ ይቀራል።